የሚያፈስ ጣራና የበሰበሰ እንጨት

ቤት የሚጸናው በመሠረቱ ነው ይባላል፤ ነገር ግን ጣራው ካልተጠበቀ መሠረቱም አይድንም። ግድግዳ ነፋስን፥ በር ሌባን ይከለክላል፤ ጣራ ግን ግድግዳውንም በሩንም በውስጥ የሚኖሩትንም ሰዎች ይጠብቃል። እሳት ቤትን ሲያጠፋ ነበልባሉ ስለሚታይ ጎረቤት ሁሉ ይሯሯጣል። ውኃ ቤትን ሲያጠፋ ግን የሚያየው የለም፤ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፥ ከክዳኑ በታች ተሸሽጎ፥ በየክረምቱ ጥቂት ጥቂት እያለ ብዙ ዓመት ይሠራል። አባቶች «ውኃ እያሳሳቀ ይወስዳል» ያሉት ስለ ወንዝ ነው፤ ከጣራ ስለሚወርድ ጠብታም ቢነገር እውነት ነው።

ጣራ ምን ያህል ውኃ እንደሚቀበል በቀላል ሒሳብ ማወቅ ይቻላል። 1 ሚሊሜትር ዝናም በ1 ካሬ ሜትር ላይ ሲወርድ 1 ሊትር ውኃ ይሆናል። ርዝመቱ 8 ሜትር፥ ወርዱ 6 ሜትር የሆነ ጣራ 48 ካሬ ሜትር መሬት ይሸፍናል። እንግዲህ በአንድ ከሰዓት በኋላ 20 ሚሊሜትር ዝናም ቢወርድ ይህ ጣራ 960 ሊትር ውኃ ይቀበላል። በኢትዮጵያ ደጋ የሚበዛው ዝናም ከሰኔ እስከ መስከረም ስለሚወርድ፥ ጣራው ይህን የመሰለ ሸክም ደጋግሞ መቀበልና ጠብታ ሳያስቀር ወደ ውጭ መምራት አለበት።

ቀድሞ በደጋው አገር የሚበዛው ቤት በሣር ይከደን ነበር። የሣር ክዳን ወፍራምና እጅግ ዘንበል ያለ ስለ ሆነ ውኃው ሳይዘገይ ይወርዳል፤ ከምድጃ የሚወጣውም ጢስ ሣሩንና እንጨቱን ያደርቃቸዋል። ሣሩ ሲያረጅ ግን በጊዜው መለወጥ ያሻዋል። በጎንደር ቀዳማዊ ዐፄ ኢያሱ የመሠረቱት የደብረ ብርሃን ሥላሴ ቤተ ክርስቲያን ከላይ በሣር የተከደነ ነው፤ ከውስጥ በኮርኒሱ ላይ ክንፍ ያላቸው የመላእክት ፊቶች ተሥለውበታል። ሥዕሉን ለማየት ሰው ከሩቅ አገር ይመጣል፤ ሥዕሉን ስለሚያኖረው ሣር ግን የሚጠይቅ ጥቂት ነው።

ዛሬ በብዙ ስፍራ የሚታየው ክዳን ቆርቆሮ ነው። ሞገድ ያለውን ቆርቆሮ፥ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1829፥ ሄንሪ ሮቢንሰን ፓልመር የተባለ እንግሊዛዊ መሐንዲስ አስመዘገበው። ስስ ብረት ዝርግ ሆኖ ሳለ በቀላሉ ይጎብጣል፤ ሞገድ ሲወጣለት ግን ይጠነክራል። እንዳይዝግም በዚንክ ይለበጣል። ወደ ኢትዮጵያም በገባ ጊዜ መጓጓዣው ከባድ ነበር፤ የምድር ባቡር በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ከደረሰ በኋላ ግን እንዲህ ያለውን ከባድ ዕቃ ከባሕር ጠረፍ ማምጣት ቀለለ።

ቆርቆሮ እስኪዝግ ድረስ ራሱ ውኃ አያሳልፍም። ድካሙ ያለው ምስማር በተመታበትና አንዱ ቆርቆሮ በሌላው ላይ በተደረበበት ቦታ ነው። ብረት በቀን ፀሐይ ይረዝማል፥ በሌሊት ቁር ይሰበሰባል፤ ርዝመቱ 3 ሜትር የሆነ ቆርቆሮ ሙቀቱ በ40 ዲግሪ ሲጨምር አንድ ሚሊሜትር ተኩል ያህል ይረዝማል። ይህ በዓይን የማይታይ መንቀሳቀስ በየቀኑ ሲደጋገም ምስማሩን ቀስ በቀስ ይነቀንቀዋል፥ ቀዳዳውንም ያሰፋዋል። ስለዚህ ብልህ አናጢ ምስማሩን በሞገዱ ጉብታ ላይ ይመታል እንጂ በጎድጓዳው አይመታም፤ በጎድጓዳው ውኃ ስለሚወርድ በዚያ ያለ ቀዳዳ ሁሉ ለውኃ በር ይሆናልና።

ይህን ሁሉ ያልመረመረ አንድ ሰው በአዲስ አበባ ዳር ይኖር ነበር። በአንድ መሥሪያ ቤት ጸሐፊ ነበረ፤ ሥራውን የሚወድ፥ ቤተ ሰቡን የሚያከብር፥ ቤቱም ንጹሕ ሆኖ እንዲታይለት የሚተጋ ሰው ነው። የቤቱ ግድግዳ በባሕር ዛፍ ቋሚና በጭቃ የተሠራ፥ ክዳኑም ቆርቆሮ ነበረ። ከቆርቆሮው በታች አቡጀዴ ተወጥሮ በኖራ ተቀብቶ ነጭ ኮርኒስ ሆኗል። ከእርሱ ጋር ሚስቱ፥ ተማሪ የሆነች ልጁና አሮጊት እናቱ ይኖሩ ነበር። እናቱ ዓይናቸው ደክሞ ነበር፤ ጆሯቸው ግን አልደከመም።

በመጀመሪያው ክረምት፥ ከእናቱ አልጋ በላይ፥ በኮርኒሱ ላይ አንዲት ነጠብጣብ ታየች፤ ስፋቷ እንደ ሳንቲም፥ መልኳም እንደ ሻይ ነበረ። ጸሐፊው ለዘመን መለወጫ ኖራ አስቀባባትና ጠፋች። በሁለተኛው ክረምት እንደ ሰሐን ሆና ተመለሰች፤ ደግሞ ኖራ ተቀባች። በሦስተኛውም እንደ ምጣድ ሰፋች፤ ያን ጊዜ ኖራው ሁለት ጊዜ ተደርቦ ተቀባ። ጎረቤቱ «ጣራውን አታስፈትሽምን?» ቢለው ጸሐፊው ሁልጊዜ አንድ መልስ ነበረው። በክረምት «ጣራው ያዳልጣል፤ ማን ይወጣበታል?» ይላል፤ በበጋ ደግሞ «አሁን አያፈስም፤ ምን ይጠገናል?» ይላል። እንዲህ ሆኖ የመጠገኛው ወር ከአሥራ ሁለቱ ወራት አንዱም ሳይሆን ቀረ።

እናቱ ግን በየሌሊቱ ይሰሙ ነበር። አንድ ቀን ጠዋት፦

«ልጄ፥ ከራሴ በላይ ውኃ ሲሄድ እሰማለሁ። ይንጠባጠባል አላልሁህም፤ ይሄዳል» አሉት።

እርሱም ቀና ብሎ ኮርኒሱን አየና፦

«እማዬ፥ ኮርኒሱ እኮ እንደ በረዶ ነጭ ነው። ዝናሙን ሰምተሽ ይሆናል» አላት።

እናቱም ዝም አሉ። የነጩን ኮርኒስ ማየት አይችሉምና የሚከራከሩበት ነገር አልነበራቸውም። ልጃቸው በዓይኑ ያየው ኖራውን ነበረ፤ እርሳቸው በጆሯቸው የሰሙት ግን ከኖራው በስተላይ ያለውን ነገር ነበረ።

በአራተኛው ዓመት፥ በነሐሴ አንድ ሌሊት፥ ዝናሙ ሳያቋርጥ ወረደ። እናቱ ከእንቅልፋቸው ነቅተው ቢያዳምጡ ድምፁ ከወትሮው ተለውጦባቸው ነበር፤ ይሄድ የነበረው ውኃ ቆሞ ይጠራቀማል። ስለዚህ ቀስ ብለው ተነሥተው፥ ግድግዳውን በእጃቸው እየዳሰሱ፥ በበሩ አጠገብ በዱካ ላይ ተቀመጡ። ጥቂት ቆይቶ አቡጀዴው እንደ አቁማዳ ተነፍቶ ኖሮ ተቀደደ። ውኃና የራሰ አቧራ፥ ርዝመቱም አንድ ክንድ የሚሆን የበሰበሰ እንጨት ከነምስማሩ፥ በባዶው አልጋ ላይ ወደቀ። ጸሐፊው መብራት ይዞ ሲገባ እንጨቱ በእናቱ ትራስ ላይ ነበረ። እናቱንም በበሩ አጠገብ በሕይወት ሲያያቸው ቃል ሊናገር አልቻለም።

በማግሥቱ ፀሐይ ስትወጣ አንድ ሽማግሌ አናጢ ተጠሩ። ጸሐፊው ከአልጋው በላይ ያለውን ቀዳዳ አመለከታቸውና «አባቴ፥ የሚያፈሰው እዚህ ነው» አላቸው።

ሽማግሌውም ቀና ብለው አዩና፦ «ልጄ፥ ይህ ውኃው የወደቀበት ነው፤ የገባበት ግን ሌላ ነው» አሉት። ውኃ በቀዳዳ ከገባ በኋላ ወዲያው አይወድቅም። በመጀመሪያ ቆርቆሮው በተመታበት በአግዳሚው እንጨት፥ በሙራሌው፥ ላይ ይሄዳል፤ ከዚያም ሙራሌውን የተሸከመውንና ወደ ግድግዳው ዘንበል ያለውን ወራጅ ተከትሎ ይወርዳል። መገጣጠሚያ ወይም ጉጥ ሲያግደው ያን ጊዜ ይንጠባጠባል። ስለዚህ ነጠብጣቡን አይቶ በትክክል ከበላዩ ያለውን ቆርቆሮ የሚደፍን ሰው ብዙ ጊዜ ደህናውን ደፍኖ የታመመውን ይተወዋል።

ሽማግሌው የተቀደደውን አቡጀዴ ካስነሡ በኋላ ቆርቆሮው እስኪደርቅ ጠበቁ። ረዳታቸው ውኃ ይዞ በመሰላል ወጣ፤ ተማሪይቱም ልጅ ፋኖስ ይዛ ከታች ቆመች። ረዳቱ ውኃውን በመጀመሪያ ከጣራው ግርጌ፥ ቀጥሎም ከፍ እያለ በየደረጃው አፈሰሰ። ከላይ ቢጀምር ኖሮ ውኃው ሁሉንም ቦታ ስለሚያረጥበው የትኛው ቀዳዳ እንዳስገባ ሊለይ ባልቻለም ነበር። ወደ ጣራው ራስ ሲቃረብ ልጅቱ «ገባ!» ብላ ጮኸች። ቦታው ከአልጋው ሁለት ሜትር ተኩል ርቆ ይገኛል። ቢያዩ አንድ ምስማር በሞገዱ ጎድጓዳ ውስጥ ተመትቶ ነበር፤ ዙሪያውም ዝጎ ቀዳዳው ሰፍቷል። ለአራት ክረምት ቤቱን ያስጨነቀው ያ አንድ ምስማር ነበረ።

ሽማግሌው ወደ ልጅቱ ዞር ብለው፦ «ልጄ፥ በየሴኮንዱ አንድ ጠብታ ቢገባ በአንድ ሌሊት ምን ያህል ይሆናል?» ብለው ጠየቋት። ልጅቱም 20 ጠብታ 1 ሚሊሊትር ያህል እንደሚሆን ከትምህርት ቤት ታውቅ ነበርና አሰላች። በ1 ሰዓት 3,600 ጠብታ፥ ይኸውም 180 ሚሊሊትር ነው፤ በ10 ሰዓት 1 ሊትር ከ800 ሚሊሊትር ይሆናል። በአንድ ክረምት 60 እንዲህ ያለ ሌሊት ቢኖር 108 ሊትር ነው፤ በአራት ክረምት 432 ሊትር። ጸሐፊው ሒሳቡን ሰምቶ ወደ እናቱ ሊያይ አፈረ።

ያን ቀን ምስማሩ ተነቀለ። ቀዳዳው ከበታቹ ሬንጅ በተቀባ ቁራጭ ቆርቆሮ ተሸፈነ፤ አዲሱም ምስማር ውኃ የሚከለክል ቆብ ኖሮት በጉብታው ላይ ተመታ። ከዚህም በኋላ ሽማግሌው የቀሩትን ምስማሮች አንድ በአንድ ዳሰሱ፤ 11 የላሉ ስላገኙ ሁሉንም ለወጧቸው። «አንዱ ከላላ ጓደኞቹም በዚያው ቀን የተመቱ ናቸው» አሉ።

ቀጥሎ እንጨቱን መመርመር ጀመሩ። ሽማግሌው ወስፌ አውጥተው ወራጁን በየስንዝሩ ወጉት። በጤነኛው እንጨት ላይ ወስፌው ጥቂት ብቻ ገብቶ ይቆማል፤ በበሰበሰው ላይ ግን እስከ እጀታው ይሰምጣል። ደግሞ በመዶሻ መቱት፤ ጤነኛው ጥርት ያለ ድምፅ ሰጠ፥ የበሰበሰው ግን እንደ ዱባ ደፈን ያለ ድምፅ ሰጠ። ከውጭ ሲታዩ ሁለቱም አንድ ይመስሉ ነበር። በመጨረሻ 2 ወራጅ፥ 3 ሙራሌና በማዕዘኑ ያለ 1 ቋሚ ከግርጌው ተበላሽተው ተገኙ።

ጸሐፊውም፦ «አባቴ፥ በመስከረም እንግዶች አሉብኝ። በላዩ አዲስ ጣውላ ቢደርቡበትና ኮርኒሱን ቢዘጉልኝ አይበቃምን?» አላቸው።

ሽማግሌው ወስፌውን ወደ ከረጢታቸው መለሱና፦ «ልጄ፥ የበሰበሰ እንጨት ምስማር አይዝም። እርጥቡን ብንዘጋበት ደግሞ እንጨቱን የሚበላው ነገር ምግቡንና ውኃውን ይዞ በጨለማ ይቀመጣል። አንተ አራት ዓመት በኖራ ዘግተኸዋል፤ እኔ ደግሞ በጣውላ ዝጋው ካልኸኝ ሌላ አናጢ ፈልግ» አሉት። ጸሐፊውም ጥቂት ካሰበ በኋላ «እንደ ወደዱ ያድርጉት» አለ።

እንጨትን የሚያበሰብሰው ውኃው ራሱ አይደለም። ከሻጋታ ወገን የሆኑ ደቂቅ ነገሮች አሉ፤ ዘራቸው ከአቧራ የደቀቀ ስለ ሆነ በአየር ይበናል፥ በሁሉም ቦታ ያርፋል። ለመብቀል አራት ነገር ይሻሉ፤ እነዚህም ምግብ፥ አየር፥ ለብ ያለ ሙቀትና እርጥበት ናቸው። ምግባቸው እንጨቱ ነው፤ አየሩንና ሙቀቱን ከቤት ማውጣት አይቻልም። ሰው ሊከለክላቸው የሚችለው አንዱን ብቻ ነው፤ እርሱም እርጥበት ነው። በእንጨት ውስጥ ያለው ውኃ ከደረቁ እንጨት ክብደት ከመቶ 20 እጅ በታች ከሆነ አይበቅሉም። ይኸውም ሲደርቅ 1 ኪሎ የሚመዝን እንጨት ከ200 ግራም በታች ውኃ ቢይዝ ማለት ነው። ስለዚህ ደረቅ ሆኖ የተጠበቀ እንጨት ብዙ ዘመን ይኖራል፤ በትግራይ በደብረ ዳሞ ገዳም ያለው ጥንታዊ ቤተ ክርስቲያን የተቀረጸ የእንጨት ኮርኒሱ ከብዙ መቶ ዓመታት በኋላ ዛሬም ይታያል። እርጥበት ያገኘ የባሕር ዛፍ ቋሚ ግን በጥቂት ክረምት ዱቄት ይሆናል።

ስለዚህ እንጨቱ እስኪደርቅ ኮርኒሱ ክፍት ሆኖ ቆየ። ሽማግሌው ከእርጥቡ ወራጅ አንድ ቁራጭ አስወጥተው ለልጅቱ ሰጧት፤ እርሷም በየቅዳሜው ከእህል ነጋዴው ሚዛን እያስመዘነች በደብተሯ ትጽፍ ነበር። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ክብደቱ ፈጥኖ ቀነሰ፤ ኋላም ቀስ አለ፤ በመጨረሻ በሁለት ተከታታይ ቅዳሜ ያው ሆኖ ተገኘ። ሽማግሌውም «ቁራጩ ደርቋል፤ ትልቁ እንጨት ግን ከትንሹ ይዘገያል» ብለው ሌላ ሁለት ሳምንት ጨመሩ።

በዚህ መካከል መስከረም ደረሰ፥ እንግዶቹም መጡ። ጸሐፊው በነጭ ኮርኒስ ሲቀበላቸው የኖረ ሰው በዚያ ቀን ጥቁር ወራጅና የተራቆተ ቆርቆሮ ከራሳቸው በላይ እያሳየ ምሳ አቀረበ። እንግዶቹ ወደ ላይ ማየት ጀመሩ፥ እርሱም አንገቱን ደፋ። እናቱ ግን ከተቀመጡበት ሆነው ነገሩን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ነገሯቸው፤ ስለ ኖራውም አልሸሸጉም። ንግግራቸውን ሲጨርሱ ከእንግዶቹ አንዱ ሳቁን ትቶ ዝም አለ። ሲሰናበትም ጸሐፊውን ወደ ጎን ጠርቶ የአናጢውን ቤት ጠየቀው፤ በእርሱም ቤት ኮርኒስ ላይ፥ ልጆቹ በሚተኙበት ክፍል፥ እንደ ሻይ ያለች ነጠብጣብ ነበረችና።

በኅዳር ወር የእንጨቱ ሥራ ተጀመረ። ሽማግሌው ምንም ነገር ከመቁረጣቸው በፊት ከወራጆቹ በታች ጠንካራ ድጋፍ አቆሙ፤ ድጋፍ ሳይቆም ወራጅ የሚቆርጥ ሰው ጣራውን በራሱ ላይ ይጥላልና። የበሰበሰውንም ሲቆርጡ በበሰበሰው ዳርቻ ላይ አላቆሙም፤ ወስፌ ከማይገባበት ቦታ አንድ ክንድ ያህል አልፈው ጤነኛውን ጨምረው ቆረጡ። እንጨት የሚበላው ነገር ከሚታየው ቦታ አልፎ ሥሩን ሊሰድ ይችላል። ይሁን እንጂ ከዚህ በላይ አንዲት ስንዝር እንኳ አላባከኑም። ጸሐፊው ደንግጦ «ጣራው ሁሉ ይለወጥ» ቢላቸው «የታመመው እጅ ነው ብሎ እግር የሚቆርጥ የለም» አሉት።

አዲሱ እንጨት በውፍረቱ ከአሮጌው እኩል፥ አስቀድሞም የደረቀ ነበረ፤ እርጥብ እንጨት ሲደርቅ ስለሚኮማተር መገጣጠሚያውን ያላላልና። በአሮጌው ጤነኛ ክፍል ጎን ረዘም ብሎ ተደርቦ ተመታ። ምስማሮቹም እንጨቱን እንዳይሰነጥቁት በአንድ መስመር ሳይሆን ግራና ቀኝ እየተፈራረቁ ገቡ። የማዕዘኑ ቋሚ ግርጌ ተቆርጦ ከአፈሩ ከፍ ባለ ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ ተተከለ፤ የተቆረጠውም ጫፍ ሬንጅ ተቀባ፤ እንጨት እርጥበትን ከሁሉ ይልቅ የሚጠጣው በጫፉ ነውና።

አዲሱ አቡጀዴ ከሁሉ በኋላ ተወጠረ። በአንዱም ማዕዘን ሽማግሌው ሰው ራሱንና ፋኖስ የሚያስገባባት ትንሽ ቀዳዳ ከነመዝጊያዋ ሠሩ። ጸሐፊው «ይህች ለምን ትሆናለች?» ሲላቸው «ለኮርኒሱ ዓይን ትሁነው። በግንቦት፥ ዝናሙ ሳይገባ፥ አንድ ጊዜ እያት፤ በጥቅምት፥ ዝናሙ ሲወጣ፥ ሁለተኛ እያት። ምስማሩን ዳስስ፥ ከአሸንዳው ቅጠል ጥረግ፥ እንጨቱንም በወስፌ ውጋ። ከዚህ የሚበልጥ ምክር የለኝም» አሉት።

ጸሐፊው ሒሳቡን ሲጽፍ ሁለቱን አስተያየ። በመጀመሪያው ዓመት ቢሆን ኖሮ የሚያስፈልገው አንድ ምስማር፥ መዳፍ የምታህል ቆርቆሮና የግማሽ ሰዓት ሥራ ነበረ። በአራተኛው ዓመት ግን ለ2 ወራጅ፥ ለ3 ሙራሌ፥ ለ1 ቋሚ፥ ለ14 ሜትር አቡጀዴና ለ9 ቀን የአናጢና የረዳት ሥራ ከፈለ። በደብተሩ ያልጻፈው አንድ ነገር ነበረ፤ እርሱም በትራሱ ላይ የወደቀው እንጨት ነው። የዚያ ዋጋ በብር አይመዘንም ነበርና።

በሚመጣው ሰኔ የመጀመሪያው ታላቅ ዝናም በሌሊት ወረደ። ጸሐፊው ተነሥቶ ወደ እናቱ ክፍል ገባ፥ በአልጋቸውም ጫፍ ተቀመጠ። ወደ ኮርኒሱ አልተመለከተም።

«እማዬ፥ ምን ትሰሚያለሽ?» አላት።

እናቱ ብዙ ጊዜ አዳመጡ። ከዚያም «ዝናሙን እሰማለሁ፤ ዝናሙን ብቻ» አሉት፤ ተመልሰውም ተኙ።

ከዚህ ታሪክ የምንማረው የሥራ ቅደም ተከተል ነው። አስቀድሞ ውኃው የገባበትን መፈለግና መዝጋት፤ ቀጥሎ እንጨቱን ማድረቅ፤ ከዚያ መደገፍና እስከ ጤነኛው ድረስ መቁረጥ፤ ከዚያ መግጠም፤ ቀለምና ኖራ ግን የመጨረሻው ነው። ሰነፍ ሰው ይህን ቅደም ተከተል ገልብጦ በኖራው ይጀምራል። «ሳይቃጠል በቅጠል» የሚለው ምክር ለእሳት የተነገረ ቢሆንም ለውኃም ያገለግላል፤ «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» የሚለውም ለሰው ብቻ ሳይሆን ለቤትም ይሠራል። ደግሞ በቤት ውስጥ «ድምፅ እሰማለሁ» የሚል ሰው ሲኖር፥ ሽማግሌ ቢሆን ወይም ሕፃን፥ ከመመለስ በፊት መሰላል ማምጣት ይገባል።

ጥያቄ

1. 1 ሚሊሜትር ዝናም በ1 ካሬ ሜትር ላይ ስንት ሊትር ይሆናል? የቤታችሁን ጣራ ለክታችሁ 15 ሚሊሜትር ዝናም ቢወርድበት ስንት ሊትር እንደሚቀበል አስሉ።
2. ምስማር በቆርቆሮው ጉብታ ላይ እንጂ በጎድጓዳው የማይመታው ለምንድር ነው?
3. ነጠብጣቡ የታየበትና ውኃው የገባበት ቦታ ለምን ተለያየ?
4. እንጨትን የሚያበሰብሰው ነገር የሚሻቸው አራት ነገሮች ምን ምን ናቸው? ሰው የትኛውን ሊከለክል ይችላል?
5. ሽማግሌው እርጥቡን እንጨት በጣውላ መሸፈን ለምን እንቢ አሉ?
6. ጸሐፊው በመጨረሻው ሌሊት ወደ ኮርኒሱ ያልተመለከተው ለምን ይመስላችኋል?